በአዲስ ቤት ላይ የታዩ የግንባታ ጉድለቶች፦ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ያለውን አለመግባባት ከየት እንጀምር?

የቤቱ ባለቤት (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር በጽሑፍ ተዋውለን ያሠራን ሲሆን፣ ጊዜያዊ ርክክብ ተፈጽሞ ቤተሰቤ ገብቶ እየኖረበት ይገኛል። በርክክቡ ዕለት ዓይን ያያቸው ጥቃቅን ጉድለቶች በቃለ ጉባኤ ሰፍረው ሁለታችንም ፈርመንባቸዋል። የመጨረሻው ርክክብ ገና ስላልተደረገ የመያዣው ገንዘብ፣ ማለትም ሪቴንሽኑ፣ እንዲሁም የመጨረሻው የክፍያ ጥያቄ አልተከፈሉም።

አሁን የሚያጨቃጭቁን ግን በርክክቡ ዕለት ያልነበሩ ወይም ያልታዩ ነገሮች ናቸው። በሁለት መኝታ ክፍሎች ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ታየ። በሳሎኑ ደግሞ ቢሙ፣ ማለትም አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ፣ እና ከሥሩ ያለው የብሎኬት ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ የአግድም መስመር ወጣ። ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ሥር ያለው ኮርኒስ እርጥበት አለው፤ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥም ውኃው ወደ መውረጃው በመሄድ ፋንታ በሩ አጠገብ ይቋጥራል፤ ከወለሉ ሴራሚኮችም አንዳንዶቹ ሲንኳኩ ባዶ ድምፅ ይሰጣሉ።

ለተቋራጩ ስንነግረው ሠራተኛ ልኮ ስንጥቁን በስቱኮ አስሞላ፣ የኮርኒሱንም እድፍ ቀለም አስቀባው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተመልሰው ወጡ። አሁን የሚለን፣ ስንጥቁ ልስን ሲደርቅ የሚመጣ የተለመደ ነገር እንደሆነ፣ እርጥበቱም ከእኛ አጠቃቀም እንደመጣ፣ ቀሪው ገንዘብ ተጠቃልሎ ካልተከፈለውም ሠራተኛ እንደማይልክ ነው። በግንባታው ጊዜ በቅንነት የሠራልን ብዙ ነገር ስላለ ጠላትነት ውስጥ መግባት አልፈልግም፤ ነገር ግን የቤተሰባችን የብዙ ዓመት ድካም እዚህ ቤት ውስጥ ነውና ዝም ብዬ መቀበልም አልቻልኩም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስንጥቁ የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑንና የእርጥበቱን ምንጭ፣ ሁለታችንም ልንክደው በማንችል መንገድ እንዴት መለየት ይቻላል? ቀሪውን ክፍያ መያዝ መብቴ ነው ወይስ ጥፋተኛ ያደርገኛል? ሌላ ባለሙያ አምጥቼ አስጠግኜ ወጪውን ብቀንስስ? ፍርድ ቤት ሳንደርስ የምንጨርስበት መንገድ ካለ በተለይ እሱን ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ሲቪል መሐንዲስ፦

ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት ተቋራጩ እስካሁን የጠገነው ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም፤ እርስዎም ምናልባት ሳያስቡት የጠየቁት ያንኑ ይመስለኛል። «ስንጥቁን ድፈንልኝ» የሚል ጥያቄ በስቱኮ ይመለሳል፤ «ስንጥቁ ለምን እንደመጣ በጽሑፍ ግለጽልኝና ያንን አስተካክል» የሚል ጥያቄ ግን በስቱኮ አይመለስም። የገንዘቡም ሆነ የሕጉ ክርክር ከዚህ በኋላ ሊመጣ ይገባዋል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት ማን እንደሚከፍልበት መወሰን አይቻልምና።

ስለ ስንጥቁ ስንነጋገር አራት ነገሮች ይታያሉ፦ ስፋቱ፣ አቅጣጫው፣ ጥልቀቱና አሁንም መንቀሳቀሱ። ብዙ ሰው የሚመለከተው ስፋቱን ብቻ ነው። እርግጥ ስፋት ትርጉም አለው፤ ለምሳሌ በአርማታ አካል ላይ በተለመደ ሁኔታ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ በዲዛይን ደንቦች ውስጥ የሚታገሡት ነው፤ በልስን ላይ እንደ መረብ ተበታትኖ የሚታይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ የበዛበት ወይም ውኃ በሚገባ ያልጠጣ ልስን በመኮማተሩ የሚመጣ ነው። ይሁን እንጂ ቀጭን ሆኖ በየወሩ የሚያድግ ስንጥቅ፣ ሰፊ ሆኖ ከቆመ ስንጥቅ የበለጠ ሊያሳስብዎ ይገባል።

በሳሎኑ ያለው የአግድም መስመር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ኮንክሪትና ብሎኬት በሙቀትና በእርጥበት የሚለዋወጡበት መጠን የተለያየ ስለሆነ፣ ቢሙም ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ስለሚጎብጥ፣ ግድግዳው ደግሞ ሳይደርቅና ሳይረጋ እስከ ቢሙ ድረስ በጥድፊያ ተሞልቶ ስለሚለሰን ነው። ሁለቱ ቁሶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከልስኑ በፊት የሽቦ መረብ ካልተደረገ መስመሩ መውጣቱ አይቀርም። ቤቱን አይጥለውም፤ ነገር ግን ጉድለት ነው፤ የሚጠገነውም ልስኑ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ተነሥቶ፣ መረቡ ሁለቱንም ቁሶች በበቂ ስፋት ይዞ ተመትቶ እንደገና ሲለሰን ነው።

ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣው ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመክፈቻ ማዕዘን ኃይል የሚከማችበት ቦታ ስለሆነ ተራ መኮማተርም እዚያ ሊታይ ይችላል፤ የመስኮቱ ሊንቴል፣ ማለትም ከመስኮቱ በላይ ያለው አግዳሚ ድጋፍ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ በቂ መቀመጫ ሳያገኝ ሲቀርም እንዲሁ ይሆናል። ሦስተኛውና ከባዱ ምክንያት አንደኛው የመሠረት ክፍል ከሌላው በላይ መስመጡ ነው። ይህን ለመለየት አንድ ቀላል ፍተሻ አለ፤ ተቋራጩ ባለበት በስንጥቁ መንገድ ላይ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ልስን ይነሣና ከሥሩ ብሎኬቱ መሰንጠቁ ይታይ። ብሎኬቱ ደህና ከሆነ የተቋራጩ ቃል እውነት ሆነ ማለት ነውና በዚያው ይቀበሉት። ብሎኬቱ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በተለይም ስንጥቁ በግድግዳው ውስጥና ውጭ በአንድ ቦታ ከታየ፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው ከሰፋ፣ በአካባቢው ያሉ በሮች መግጠም ካቆሙ ወይም ወለሉ በውኃ ልክ ሲታይ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ጉዳዩ የልስን መድረቅ አይደለም። ያኔ ቤቱን ያልሠራ የስትራክቸር መሐንዲስ መሠረቱንና በዙሪያው ያለውን የውኃ አወራረድ ማየት አለበት።

እንቅስቃሴውን ለመከታተል ዛሬውኑ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ፤ ማስመሪያ አጠገቡ ይዘውም ፎቶ ያንሡ። ፎቶው ሁልጊዜ አንድ ቅርብ አንድ ራቅ ያለ ይሁን፤ ቅርቡ ስፋቱን፣ ራቅ ያለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያሳያል። ስንጥቁ ጠፍቶ ማስረጃውም አብሮ እንዳይጠፋ፣ ይህ ሳይደረግ ዳግመኛ ስቱኮ አያስነኩት።

የኮንክሪት ፍተሻ ወዲያው እንዲያዝዙ የሚመክሩዎ ሊኖሩ ይችላሉ። ኮለኖቹ (የቆሙት ምሰሶዎች) ወይም ቢሞቹ ራሳቸው ካልተሰነጠቁ በስተቀር በእኔ ግምት አያስፈልግም። ካስፈለገም ሽሚት ሀመር የሚባለው መሣሪያ የሚለካው የላይኛውን ገጽ ጥንካሬ ብቻ እንደሆነና ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደማይገባው ይወቁ። ኮር፣ ማለትም ከኮንክሪቱ የሚወጣ ክብ ናሙና፣ ተቆርጦ ወጥቶ በላቦራቶሪ ሲጨፈለቅ፣ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመዘኛ የሦስት ኮሮች አማካይ ከተጠየቀው ጥንካሬ ቢያንስ 85 በመቶ እንዲሆንና አንዱም ከ75 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይፈልጋል። የተጠየቀው ጥንካሬ የሚባለው ደግሞ ውልዎ ውስጥ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ ኮንክሪቱ 28 ቀን ሲሞላው የሚለካው ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ጉዳይ ከስንጥቁ ይልቅ በፍጥነት ሊለይ የሚችል ነው፤ ፍተሻዎቹ ግን በቅደም ተከተል መደረግ አለባቸው፤ አለዚያ ምክንያቶቹ ይደባለቃሉ። መጀመሪያ የንጹሕ ውኃው መስመር ይታያል፦ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ፤ በትክክል ለመለየት መስመሩ በፓምፕ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ተሞልቶ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱ ይታያል። ቀጥሎ ወለሉ እንደደረቀ ውኃ በቀጥታ ወደ መውረጃው ብቻ ይፈስሳል፤ ከሥር እርጥበት ከመጣ ጥፋቱ የፍሳሽ ቧንቧው መጋጠሚያ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በመጨረሻ መውረጃው ተደፍኖ ወለሉ ላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት ይቀመጥና ከሥር ይታያል። በዚህ ጊዜ ውኃ ካለፈ ወተርፕሩፉ፣ ማለትም ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን፣ አልተሠራም ወይም ተበስቷል። ከአጠቃቀም የሚመጣ የእንፋሎት እርጥበት በቀዝቃዛ ማዕዘኖችና ግድግዳዎች ላይ ተበታትኖ ይታያል እንጂ ከመውረጃው ሥር ተሰብስቦ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ተቋራጩ ያቀረበው ምክንያት በዚሁ ፍተሻ ይረጋገጣል ወይም ይወድቃል።

የወለሉ ማዘቅዘቅ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መሆን ይገባዋል። በሩ አጠገብ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ማስተካከያው ሴራሚኩን ማንሣት ነው፤ ሴራሚኩ ከተነሣ ደግሞ ወተርፕሩፉ ወደ ግድግዳው ከፍ ብሎና የበሩን ደፍ ጭምር ይዞ እንደገና ሊሠራ ይገባል። በሴራሚኮቹ መገናኛ ላይ ሲሊኮን መቀባት ጥገና አይባልም። ባዶ ድምፅ የሚሰጡት ሴራሚኮችም ከዚያው ሥራ ጋር ይታያሉ።


ሥራ ተቋራጭ፦

እኔ የምጽፈው ከሌላኛው ወገን ሆኜ ነው፤ መሐንዲሱ የጻፉትን ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ምክንያቱን አጥንቶ የሚመጣ ባለቤት ለእኔም ይቀለኛል። የሚከብደኝ ዛሬ አንድ ጉድለት በስልክ፣ ነገ ሌላ በመልእክት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በፎርማኑ በኩል ሲነገረኝ ነው። ጉድለቶቹን ሁሉ በአንድ ሰነድ በየክፍሉ ለይተው፣ ከፎቶ ጋር፣ ውሉና ስፔሲፊኬሽኑ (የቁስና የአሠራር ዝርዝሩ) ምን እንደሚል አጠገባቸው ጠቅሰው ያቅርቡ። ሠራተኛ የሚገባበትን ቀንና ሰዓትም ይግለጹ፤ በሩ ተዘግቶበት የተመለሰ ሠራተኛ ለተቋራጩ ምክንያት፣ ለእርስዎ ደግሞ የክስ መልስ ይሆናል።

ተቋራጩ ለምን እንደሚሸሽ ብነግርዎ መፍትሔውን ለማግኘት ሊረዳዎት ይችላል። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል የሠራው ምናልባት ክፍያውን ጨርሶ የሄደ ንዑስ ተቋራጭ ነው። ሴራሚኩ ሲነሣ ወጪው ሙሉ በሙሉ ከዋናው ተቋራጭ ኪስ ይወጣል፤ ቀሪ ክፍያ ይዘውበት ደግሞ በእጁ ምንም አይኖረውም። ይህ የእሱ ሸክም እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ውልዎ ከእሱ ጋር ነውና ሴራሚክ ሠሪውን ወይም ቧንቧ ሠራተኛውን ፈልገው እንዲያሳድዱ ሊልክዎ አይችልም። ነገር ግን የማያጠራጥረውን ክፍያ ለይተው ከከፈሉት፣ ሪቴንሽኑንና የማስተካከያውን ወጪ የሚሸፍን ተመጣጣኝ ገንዘብ ብቻ ከያዙ፣ «ሠርቼ አልተከፈለኝም» የሚለው ቅሬታ ከእጁ ይወጣል፤ ለመጠገንም አቅም ያገኛል። ሁሉንም ይዘው ሁሉን የጠየቁ እንደሆነ ግን በዚያ ቤት ላይ ጉድለት መኖሩ ተረስቶ የሚወራው ስለ ገንዘብ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር በቅንነት ይመርምሩ። መውረጃው ያለበትን ቦታ በሥራ ላይ እያለ እንዲቀየር ያዘዙት እርስዎ ነዎት? ሴራሚኩን የመረጠውና የገዛውስ ማን ነው? ትልልቅ ሴራሚክ ከአራት አቅጣጫ ወደ አንድ ነጥብ ማዘቅዘቅ እጅግ ያስቸግራል፤ ብቁ ተቋራጭ ይህን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ነበረበት፤ አስጠንቅቆ እርስዎ በጽሑፍ ካጸኑት ግን ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስኑት እንዲህ ያሉ የለውጥ ትእዛዞች ናቸውና ያሉትን ሁሉ አሁኑኑ ይሰብስቡ።

በመጨረሻም ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት የጥገናውን ዘዴ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ምን እንደሚነሣ፣ በምን ቁስ እንደሚተካ፣ በምን ፍተሻ እንደሚረጋገጥ። ይህን መጻፍ የማይችል ሰው እንደገና በስቱኮ እየመጣ ነው።


ሌላ የቤት ባለቤት፦

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ተቋራጩ ዕድል ተሰጥቶት በቀለም ሸፍኖ ሄዷል። ኮርኒሱ እየረጠበ ደብዳቤ መጻጻፍ ቤቱን ከማበላሸት በቀር ምን ይጠቅማል? እኔ ብሆን የታመነ ባለሙያ አምጥቼ አስጠግኜ ደረሰኙን ከቀሪው ክፍያ እቀንስ ነበር። ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነውና ጊዜም ዋጋ አለው።


የሕግ ባለሙያ፦

ከእኔ በፊት የጻፉትን ባለቤት ምሬት እረዳለሁ፤ ያሉት መንገድም መጨረሻው ላይ ሊደረስበት የሚችል መብት ነው። ከመጀመሪያው ከተጀመረበት ግን ባለመብቱን ራሱን ይጎዳል። የየአገሩ ሕግና የእያንዳንዱ ውል ቃል ስለሚለያይ ውልዎን በእጅ ይዘው አንድ ጠበቃ ማማከር ይገባዎታል፤ ቢሆንም በብዙ ቦታ የሚመሳሰለውን መርህ ላስቀምጥ።

ተቋራጩ የራሱን ጉድለት በራሱ ወጪ የማስተካከል ግዴታ ብቻ ሳይሆን ዕድሉም አለው። ስለዚህ ሌላ ሰው ከመግባቱ በፊት ጉድለቱ በጽሑፍ ሊነገረውና ምክንያታዊ የሆነ፣ ቀኑ የተቆረጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ለምሳሌ በዓለም አቀፍ ግንባታ የሚሠራበት የፊዲክ ውል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቅጹ ይህን በግልጽ ደንግጎታል፤ ተቋራጩ በተቆረጠለት ቀን ጉድለቱን ካላስተካከለ አሠሪው ራሱ ወይም በሌላ ሰው አሠርቶ ወጪውን ከተቋራጩ ሊጠይቅ፣ ወይም የውሉ ዋጋ እንዲቀነስ ሊያደርግ ይችላል። ሆኖም በሌላ ሰው ለተሠራው ሥራ የመጀመሪያው ተቋራጭ ኃላፊ አይሆንም። የመኖሪያ ቤት ውሎች ይህን አካሄድ የሚከተሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ማስጠንቀቂያው ሳይደርሰው ሴራሚኩ ከተነሣ፣ «የእኔ ሥራ ደህና ነበር፤ ያበላሸው ሌላ ነው» ሲል የሚመልስለት ማስረጃ አይኖርም።

ኮርኒሱ እየረጠበ ነው የሚለው ግን ትክክለኛ ሥጋት ነው። ጉዳቱ እንዳይሰፋ መከላከል የባለቤቱም ግዴታ ስለሆነ ውኃውን መዝጋት፣ መታጠቢያ ቤቱን ለጊዜው አለመጠቀም፣ ሊወድቅ የደረሰን ኮርኒስ ማንሣት ተገቢ ነው። ይህ ሲደረግ አስቀድሞ ፎቶ ይነሣ፣ ለተቋራጩ መልእክት ይላክ፣ የተነሣው ነገርም አይጣል።

ስለ ክፍያው የሥራ ተቋራጩ ምክር በሕግም ተገቢ ነው። ብዙ ሕጎች አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሌላውን እንዳያስገድድ ቢያደርጉም፣ የሚያዘው ገንዘብ ከጉድለቱ ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ለዚህም የማስተካከያውን ወጪ የሚገምት ነጻ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ጥገናውን ራሱ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ግምት ግን ሚዛናዊ ተደርጎ አይታይም። ገንዘቡን ለምን እንደያዙ፣ ምን ያህል እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደሚለቁት በደብዳቤ ያሳውቁት። ያለ ማብራሪያ የተያዘ ክፍያ ውል ማፍረስ ተብሎ ሊቀርብብዎ ይችላል።

የጉድለት ኃላፊነት እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ደግሞ ብዙ ሰዎች የሚዘነጉት ነው። በርክክብ ዕለት ለማንም የሚታይ ጉድለት ሳይመዘገብ ከታለፈ በኋላ መጠየቅ ይከብዳል፤ ስውር ጉድለት ግን በተለየ ሁኔታ ይታያል። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው፤ ከርክክብ በኋላ ለ1 ዓመት ተቋራጩ የሚነገረውን ጉድለት ሁሉ ያስተካክላል፣ ከሕንፃው ሳይጎዳ ሊነቀል ለሚችል መገልገያ 2 ዓመት፣ የሕንፃውን ጽናት ለሚጎዳ ወይም ለታሰበለት አገልግሎት እንዳይውል ለሚያደርገው ጉድለት 10 ዓመት ኃላፊ ነው። የእርስዎ ቦታ ሕግ ቁጥሩ ቢለያይም የልስን ስንጥቅንና የመሠረት መስመጥን በአንድ ዓይን ላያይ ይችላል። የመሐንዲሱ ፍተሻ ለሕጉም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ድርድር ላይ መሆን በራሱ የይርጋን ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ የማያቆምበት ሁኔታ ስላለ፣ «እየተነጋገርን ነው» በሚል ተስፋ ቀኑ እንዳያልፍብዎ።

ጥያቄዎ ተመጣጣኝ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1995 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ በነበረው በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በታየ አንድ የታወቀ ጉዳይ፣ በውሉ መሠረት ጥልቀቱ 7 ጫማ ከ6 ኢንች መሆን የነበረበት የመዋኛ ገንዳ ከዚያ አንሶ ተሠርቶ ነበር፤ ባለቤቱ ፈርሶ እንዲሠራለት የሚያስችል ወጪ ቢጠይቅም፣ ገንዳው ለመዋኘት አስተማማኝ ሆኖ በመገኘቱና የማፍረሻው ወጪ ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ባለመመጣጠኑ የተፈረደለት አነስተኛ ካሳ ብቻ ነው። የእርስዎ መታጠቢያ ቤት ግን ከዚህ ይለያል፤ ውኃ የማይወርድበትና ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ወለል አገልግሎቱን አይሰጥምና ተነሥቶ ይሠራ ማለት ተገቢ ነው። በሳሎኑ መስመር ምክንያት ግን የቤቱ ልስን ሁሉ ይውረድ ቢሉ የሚሰማዎ አያገኙም።

ያለ ፍርድ ቤት ለመጨረስ ከሁሉ የተሻለው መንገድ አንድ ነጻ መሐንዲስ በጋራ መምረጥ ነው። ሁለታችሁ በየግላችሁ ባለሙያ ካመጣችሁ ሁለት ሪፖርትና አንድ ጠብ ነው የሚተርፋችሁ። በጋራ ሲመረጥ ግን የሚመልሳቸው ጥያቄዎች፣ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች፣ ክፍያውን በመጀመሪያ ማን እንደሚያዋጣና በመጨረሻ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ አስተያየቱም አስገዳጅ ይሁን ምክር ብቻ፣ አስቀድሞ ተጽፎ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ገንዘብ ብቻ ስለሚሆን በአስማሚ ሰው ፊት ሊያልቅ ይችላል። ውልዎ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው ግን በቀጥታ ክስ መመሥረት ጉዳዩን ሊያስመልስብዎ ስለሚችል አስቀድመው ያንብቡት።


የቤቱ ባለቤት (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጉድለቶቹን በየክፍሉ ለይቼ ከፎቶ ጋር በደብዳቤ ሰጠሁት፤ የማያከራክረውንም የክፍያ ክፍል እንደምከፍለው ገለጽሁለት። ተቋራጩ በጋራ መሐንዲስ ለማስፈተሽ ተስማምቷል። የመውረጃውን ቦታ ያስቀየርነው እኛ አይደለንም፤ ሴራሚኩንም ያቀረበው እሱ ነው። ነገር ግን ጥገናው እንዳለቀ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ እንድፈርም አስቀድሞ ቃል ግባልኝ ይላል። ብፈርም ያለፈውን ሁሉ እዘጋለሁ ብዬ እሰጋለሁ፤ እምቢ ብል ደግሞ የተጀመረው ስምምነት እንዳይፈርስ እፈራለሁ።


የሕግ ባለሙያ፦

ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ተቋራጩም አንድ ቀን ሥራው እንዲዘጋለት መፈለጉ ተገቢ ነው። የሚስተካከለው ቃሉ ነው። «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የሚለው ይውጣና በቦታው የሚከተለውን የመሰለ ይጻፍ፦ «በዚህ ሰነድ አባሪ ላይ በዝርዝር የተመለከቱት ጉድለቶች በጋራ በተመረጠው መሐንዲስ ተፈትሸው መስተካከላቸው ሲረጋገጥ፣ አሠሪው በእነዚሁ ጉድለቶች ረገድ ተጨማሪ ጥያቄ አያቀርብም። ይህ ስምምነት ወደፊት የሚገለጡ ስውር ጉድለቶችንና ተቋራጩ ለሕንፃው ጽናት ያለበትን የሕግ ኃላፊነት አይነካም።» ዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ጉድለት ከነምክንያቱና ከነጥገና ዘዴው ይስፈር፤ የተጠገነው ክፍል የዋስትና ጊዜ ከጥገናው ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ እንዲቆጠርም ይጠይቁ። የተበላሸውን ኮርኒስና ቀለም ወደ ነበረበት የመመለስ ወጪ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ በሥራው ማግሥት አዲስ ጭቅጭቅ ይሆናል። የሚፈርሙትም ከፍተሻው በኋላ እንጂ ከፍተሻው በፊት አይደለም።


ሲቪል መሐንዲስ፦

ለሰነዱ የሚሆን የፍተሻ ሐሳብ ልጨምር። ለመታጠቢያ ቤቱ የ24 ሰዓቱ የውኃ ፍተሻ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዱ ወተርፕሩፉ ደርቆ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት፣ ሁለተኛው ከተነጠፈ በኋላ። በመጀመሪያው ላይ ውኃ ወደ ሥር ካለፈ የሚያስተካክሉት ሽፋኑን ብቻ ነው፤ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ብቻ የተፈተሸ እንደሆነ ግን ችግር ሲገኝ ሁሉም እንደገና ይነሣል፤ ተቋራጩም ያኔ ሁለተኛ ለማንሣት ፈቃደኛ አይሆንም። ለመስኮቶቹ ስንጥቅ ግን አንድ ቀን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። አፈሩ ሲረጥብና ሲደርቅ የሚያሳየው ጠባይ ስለሚለያይ፣ ከሪቴንሽኑ ለዚህ ጉድለት የተመደበው ክፍል ቢያንስ አንድ የዝናብና አንድ የበጋ ወቅት አልፎ በእርሳስ የተደረጉት ምልክቶች እስኪታዩ ድረስ ይቆይ፤ የቀረው ገንዘብ የመታጠቢያ ቤቱ ፍተሻ እንዳለፈ ይለቀቅለት።